ደጀን የሌለው ጉዞ

ስለ ብስክሌት እሽቅድምድም ሲነሣ በብዙዎቻችን ዐይነ ኅሊና የሚታየው ተወዳዳሪው ብቻ አይደለም። ከበስተኋላው የሚከተለው መኪናም አብሮ ይታየናል። በጣራው ላይ ተለዋጭ ብስክሌት የጫነ፣ በውስጡ መካኒኩን፣ አሠልጣኙንና ውሃ አቀባዩን የያዘ መኪና ነው። ጎማ ቢፈነዳ በሰኮንዶች ውስጥ ሌላ ይተካል፤ ውሃ ቢያልቅ ሌላ ይቀርባል። ይህ ዐይነቱ ውድድር የራሱ ክብር አለው። ነገር ግን ሌላም ዐይነት አለ።

ከ2008 ጀምሮ በጁን ወር ሁለተኛ ዓርብ (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብስክሌተኞች ካናዳ ውስጥ ባንፍ ከምትባለው ከተማ ተነሥተው የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ተራሮች እየተከተሉ እስከ ሜክሲኮ ጠረፍ ይጓዛሉ። የመንገዱ ርዝመት ከ4,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛውም ጠጠርና ኮረኮንች ነው። ቱር ዲቫይድ ይባላል። የመመዝገቢያ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ለአሸናፊውም ሽልማት የለውም። ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም ተጓዡ ራሱን በራሱ ይረዳል ማለት ነው። በመንገድ ላይ ለማንም ሰው ክፍት ከሆነ ሱቅ መግዛት፣ ለማንም ክፍት በሆነ ማረፊያ ማደር ይፈቀድለታል። ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ ምግብ ይዞ እንዲጠብቀው ማድረግ ግን ክልክል ነው። መኪና አይከተለውም። በወታደር ቋንቋ እንናገረው ካልን፣ ደጀን የሌለው ጉዞ ነው። በ2016 እንግሊዛዊው ማይክ ሆል ይህን መንገድ ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ጨርሶታል።

የዚህ ውድድር መንገድ በሞንታና ክፍለ ሀገር ሔለና በምትባል ከተማ ያልፋል። ከሔለና በስተምዕራብ፣ ከመንገዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሙላን የተባለ በር አለ። ወንዞቹ አንዱ ወደ ምሥራቅ አንዱ ወደ ምዕራብ የሚለያዩበት የውሃ መክፈያ ጋራ ነው። በ1897 በዚያው በጁን ወር፣ በረዶ እየወረደባቸው ጠመንጃ ያነገቱ ወታደሮች ብስክሌታቸውን እየገፉ በዚህ በር አልፈዋል። ዛሬ ልናወሳ የተነሣነው ስለ እነርሱ ነው።

ወታደሮቹ የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት አባሎች ነበሩ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁርና ነጭ በአንድ ክፍል አይሰለፍም ነበርና፣ የሬጅመንቱ ወታደሮችና ባለሌላ ማዕረጎች ጥቁሮች ሲሆኑ አዛዦቹ ነጮች ናቸው። የብስክሌቱን ቡድን ያቋቋመው ጄምስ ሞስ የሚባል ወጣት ምክትል መቶ አለቃ ነው። ሞስ በ1894 ከዌስት ፖይንት ጦር አካዳሚ ሲመረቅ በኮርሱ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ እንደ ነበረ መዝገብ ያስረዳል። በአካዳሚ ያለፍን ሰዎች ይህን ስናነብ ፈገግ ማለታችን አይቀርም። በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠው ካዴት አንዳንድ ጊዜ በፊተኛው ወንበር ያልታየውን ነገር ያያል።

ሞስ የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነበር። ፈረስ ገብስና ሣር ይበላል፣ ይጠማል፣ ይታመማል፣ ይደነብራል፤ ብስክሌት ግን አይራብም፣ ድምፅም የለውም። ስለዚህ ለመልእክትና ለቅኝት፣ ለፈጣን እንቅስቃሴም ይበጅ እንደ ሆነ በተግባር መፈተን አለበት አለ። ጄኔራል ኔልሰን ማይልስ ሐሳቡን ደገፉት። ብስክሌቶቹን ስፖልዲንግ የተባለ ኩባንያ ያለ ዋጋ ሰጠ። በ1896 ስምንት ወታደሮች ተመርጠው ሥልጠና ጀመሩ። ብስክሌታቸውን ይዘው አጥር መዝለልን፣ ወንዝ መሻገርን ተለማመዱ፤ በዚያውም ዓመት የሎስቶን እስከሚባለው ፍል ውሃ የሚፈልቅበት ምድር ድረስ ሄደው ተመለሱ። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ግን ይህን ሁሉ የሚያስንቅ ነበር። ከሞንታና ሚዙላ ተነሥቶ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር እስካለችው ሴንት ሉዊስ መድረስ ማለት ነው። ርቀቱ 1,900 ማይል፣ በእኛ ልክ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሴንት ሉዊስ የተመረጠችበትም ምክንያት ነበረው። በመካከሉ ተራራው፣ ጭቃው፣ አሸዋው፣ ብርዱና ሐሩሩ ሁሉም ይገኛሉና አንድ ጉዞ ሁሉን ይፈትናል።

ጁን 14 ቀን 1897 ማለዳ 20 ወታደሮች፣ ሞስ፣ ዶክተር ኬኔዲ የተባሉ የጦር ሐኪም፣ ኤድዋርድ ቡስ የሚባል የ19 ዓመት የጋዜጣ ወሬ አቀባይም ተነሡ።

የተሸከሙትን ነገር አንባቢያችን ልብ ብሎ እንዲመለከትልን እንፈልጋለን፤ ደጀን በሌለው ጉዞ የሰውየው ዕቅድ የሚነበበው በጭነቱ ላይ ነውና። ብስክሌቱ ብቻውን 14 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ሲጫን ወደ 27 ኪሎ ይደርሳል። ከመሪው ፊት ብርድ ልብስና የድንኳን ግማሽ ተጠቅልሎ ይታሠራል፤ ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው ነውና ማታ ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ድንኳን ይሆናል። በብስክሌቱ ዐፅም መካከል ስንቅ የሚያዝበት ሳጥን አለ። ዱቄቱ፣ ባቄላው፣ የአሳማ ሥጋው፣ ቡናውና ስኳሩ ተከፋፍሎ ይጫናል። እያንዳንዱ ወታደር አምስት ኪሎ የሚጠጋ ጠመንጃና 50 ጥይት የያዘ ዝናር ይታጠቃል። የጥርስ ቡሩሽ ለየራስ ነው። ፎጣና ሳሙና ግን ለሁለት ሰው አንድ ነው።

ይህች የሳሙና ጉዳይ የፌዝ ነገር ልትመስል ትችላለች። እኛም በካዴትነታችን ጊዜ ለረዥም የእግር ጉዞ ስንታዘዝ፣ ጭነት ለማቅለል ብለን ተለዋጩን ካልሲ ከሻንጣችን አውጥተን ጥለን ነበር። በሦስተኛው ቀን ተረከዛችን ተልጦ በጓዶቻችን ትከሻ ተደግፈን ሰፈር ገባን። ጥበቡ ያለው ጭነት በመጣል ላይ ሳይሆን የቱ ለሁለት እንደሚበቃና የቱ እንደማይበቃ በማወቅ ላይ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳን። ካልሲ ለሁለት አይሆንም።

ሌላው በጭነቱ ውስጥ የነበረ ዕቃ መሣሪያ ነው። ጎማ መለጠፊያው፣ መፍቻው፣ ትርፍ ሽቦውና ካቴናው አልቀረም። ከወታደሮቹ መካከል ጆን ፊንድሊ የሚባለው ቀድሞ ቺካጎ ውስጥ በብስክሌት ፋብሪካ የሠራ ስለ ነበረ፣ የቡድኑ መካኒክ እርሱ ሆነ። ብስክሌት የሚነዳ የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሌሎቹ ሲያርፉ የማያርፈው መካኒኩ ነው።

መንገዱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ምሕረት አላደረገላቸውም። ዝናብ ዘነበ። የዚያ አገር ጭቃ በጎማና በፍሬን መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይጣበቃል፤ ጥቂት ሜትር ሄዶ ቆሞ በቢላዋ መፋቅ ግድ ይሆናል። ጭቃው ሲብስባቸው የባቡር ሐዲዱን ተከትለው፣ በሐዲዱ መካከል በተጋደሙት እንጨቶች ላይ እየነዱ ሄዱ። የተጫነ ብስክሌት በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ሲነጥር መሪ የያዘው እጅ ይደነዝዛል። ከዚህም ሌላ ከፊት ወይም ከኋላ ባቡር የሚመጣ እንደ ሆነ በየጊዜው ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ነብራስካ ነው። በዚያ ክፍለ ሀገር 270 ኪሎ ሜትር ያህል አሸዋ ተዘርግቶአል፤ በአሸዋ ላይ ብስክሌት አይነዳም። እየገፉ፣ እንደገና ወደ ሐዲዱ እየወጡ፣ አራት ቀን ተኩል ፈጀባቸው። ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ በላይ ወጣ። የምንጩ ውሃ ጨውና ቦጣ የበዛበት ስለ ነበረ የጠጣው ሁሉ ሆዱን ታመመ፤ ሞስ ራሱ ከታመሙት አንዱ ነበር። እየተጠሙ ውሃ መፍራት ምን እንደ ሆነ በቆላ የዘመተ ወታደር ያውቀዋል።

ጁላይ 24 ቀን ሴንት ሉዊስ ገቡ። ከተነሡ 41ኛው ቀን ነበር። ሞስ ባቀረበው ሪፖርት በእርግጥ የተነዳበት ቀን 34 ሲሆን፣ በቀን በአማካይ 90 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓትም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። የከተማው ብስክሌተኞች በብዛት ወጥተው ተቀበሉአቸው፤ ሕዝቡም በመናፈሻው ሰልፋቸውን ለማየት ጎረፈ። ወታደሮቹ ወደ ሰፈራቸው የተመለሱት በባቡር ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸፋፍን መናገር ይገባናል። ጉዞው ጭራሹን ደጀን ያልነበረው አልነበረም። ስንቅ በባቡር እየቀደመ በየ160 ኪሎ ሜትሩ ግድም ባሉ ጣቢያዎች ይጠብቃቸው ነበር፤ በመካከል ያለውን የሁለት ቀን ስንቅ ግን በራሳቸው ጎማ ላይ ይጭናሉ። በዛሬው የቱር ዲቫይድ ሕግ ቢዳኙ ኖሮ ይወድቃሉ ማለት ነው። ዳሩ ግን የዛሬው ተወዳዳሪ ጠመንጃና 50 ጥይት አይታጠቅም፤ ሲደክመው ቆሞ በፈቃዱ ማቋረጥም ይችላል። እነርሱ ይህ ፈቃድ አልነበራቸውም። በእኛ ሚዛን ይህ ልዩነት ከስንቁ ይከብዳል።

ታዲያ ጉዞው ምን አተረፈ? ሞስ ብስክሌት በጦርነት ውስጥ ቦታ እንዳለው ተረጋገጠ ሲል ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሌላ ጉዞ ለማድረግ ቢጠይቅ የበላይ አካል አልፈቀደም። በ1898 ከእስጳኝ ጋር ጦርነት ተነሣና 25ኛው ሬጅመንት ወደ ኩባ ዘመተ፤ የብስክሌቱ ቡድንም በዚያው ቀረ። ሞስ በኋላ ለጦር ሠራዊቱ ብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍትን ጽፎ በኮሎኔልነት ማዕረግ ጡረታ ወጣ። የሪፖርቱን ቁጥሮች እናውቃለን፤ የወሬ አቀባዩን የቡስን ጽሑፎችም ዛሬ ማንበብ ይቻላል። ከሃያዎቹ ወታደሮች አፍ የወጣ ቃል ግን እጅግ ጥቂት ነው። በማስታወቂያ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉድለት አይደለም። ያን ሁሉ ቁጥር በእግሩ ያስገኘው ሰው በሪፖርቱ ውስጥ ድምፅ የለውም።

ከእነዚያ ሃያዎች መካከል የአንዱን ኑሮ ግን መዝገብ ይዞታል። ሚንጎ ሳንደርስ ይባላል። በጉዞው ላይ የሻምበል ባሻነቱን ሥራ ይሠራ የነበረው እርሱ ነው። ዕድሜው 39 ነበር፤ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ዐይኑ በፍንዳታ ተጎድቶ በደንብ አያይም። ከወጣቶቹ ጋር እኩል ነድቶ፣ እኩል ገፍቶ ሴንት ሉዊስ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ኩባ ዘመተ። በዚያም፣ በኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት መጥቶ ለተራቡት ወታደሮቹ ደረቅ ብስኩት፣ እኛ ኮቾሮ የምንለውን፣ ቢጠይቀው ከራሱ ሰዎች ስንቅ አካፈለው።

በኦገስት 1906 የሬጅመንቱ አንድ ክፍል በቴክሳስ ብራውንስቪል ሰፍሮ ሳለ አንድ ሌሊት በከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፍቶ አንድ ሰው ሞተ። የከተማው ሰዎች ጥፋቱን በጥቁሮቹ ወታደሮች ላይ አደረጉት። አዛዦቻቸው ወታደሮቹ በሰፈራቸው ውስጥ እንደ ነበሩ መሰከሩ። ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ አንድም ሰው በስም አልተከሰሰም። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበረው ያው ሩዝቬልት 167 ወታደሮች ያለ ክብር ከጦሩ እንዲሰናበቱ አዘዘ። ሳንደርስ ከእነርሱ አንዱ ነበር። ያገለገለው ዘመን ሩብ ምዕት ዓመት ደርሶአል፤ ጡረታው ቀርቦ ነበር። ያለ ጡረታ ወጣ። ወደ ጦሩ ለመመለስ አቤት ቢልም አልተሳካለትም፤ በ1929 ሞተ።

የአሜሪካ ጦር ነገሩን እንደገና መርምሮ ወታደሮቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው ያመነውና ስንብታቸው የክብር ስንብት እንዲሆን የወሰነው በ1972 ነው። በዚያን ጊዜ ዶርሲ ዊሊስ የሚባል አዛውንት በሕይወት ተገኝቶ በኋላ 25,000 ዶላር ተሰጠው። ለሌሎቹ ውሳኔው የደረሰው ከመቃብራቸው በላይ ነው።

በ1974 ከሞንታና ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተማሪዎች የብስክሌቱን ቡድን መንገድ እስከ ሴንት ሉዊስ ተከትለው ሄዱ። በ2022፣ ጉዞው 125 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ ኤሪክ ሴዴኞ የሚባል ብስክሌተኛ ስንቁንና ድንኳኑን በጎማው ላይ ጭኖ ያንኑ መንገድ ተጓዘ። የነብራስካው አሸዋ ዛሬም በቦታው አለ፤ የሙላን በርም እንዲሁ። ከዚያ በር ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጁን በመጣ ቁጥር የቱር ዲቫይድ ተጓዦች ጎማቸውን እየለጠፉ ወደ ደቡብ ያልፋሉ።