የተጠላለፉ የፖሊመር መረቦች፦ ተረትና እውነታ

ሁለት የፖሊመር መረቦች በኬሚካል ትስስር ሳይጣመሩ እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ አንዱን ሳይበጥሱ ሌላውን ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው፤ አይልስዎርዝ የተባለ ፈልሳፊ የፊኖል ሙጫን ከጎማና ከድኝ ጋር ያዋሃደበት ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1914 ነበር። ሆኖም ስለ እነዚህ መረቦች የሚባለው ሁሉ ልክ አይደለም።

ተረት፦ ከተጠላለፉ ተዋህደዋል።

እውነታ፦ አብዛኞቹ ፖሊመሮች አይስማሙም። ሰንሰለቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ከመቀላቀል የሚገኘው የኢንትሮፒ ትርፍ እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ገና እየተሠሩ ሳሉ መለያየት ይጀምራሉ። መጠላለፉ መለያየቱን ይገታል እንጂ አያስቀርም። የተለያዩት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ በአሥሮች ናኖሜትር የሚለኩ ሆነው ይቀራሉ።

ተረት፦ ቀመሩ አንድ ከሆነ ውጤቱም አንድ ነው።

እውነታ፦ ውጤቱን የሚወስነው የፍጥነት ጉዳይ ነው፦ መረቡ ቀድሞ ይቆልፋል ወይስ ክፍሎቹ ቀድመው ይለያያሉ? ፖሊዩሬቴንንና አክሪሊክን እንመልከት። ድብልቁ በሁለት መስታወት መካከል ይፈስሳል። የፖሊዩሬቴኑን ትስስር የሚያፋጥነው ካታሊስት በቂ ሆኖ ፖሊዩሬቴኑ ቶሎ ጄል ከሆነ፣ አክሪሊኩ በተቆለፈ መረብ ውስጥ ያድጋል፤ ናሙናውም ጥርት ያለ ይሆናል። ካታሊስቱ ሲቀነስ ግን አክሪሊኩ ገና በሚፈስ ፈሳሽ ውስጥ ያድጋል፤ ክፍሎቹ ይገዝፋሉ፤ ናሙናውም ወተት ይመስላል። የሁለቱ ፖሊመሮች መጠን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።

ተረት፦ ሙቀት መጨመር ሁልጊዜ ያዋህዳል።

እውነታ፦ ሙቀት የሰንሰለቶቹን እንቅስቃሴም ትስስሩንም ያፋጥናል። የመጀመሪያው ከበለጠ ክፍሎቹ ይገዝፋሉ፤ ሁለተኛው ከበለጠ መለያየቱ ይቆማል። ከዚህም ሌላ፣ ሲሞቁ የሚለያዩ የፖሊመር ድብልቆች አሉ። ስለዚህ ለአንዱ የሠራ ሙቀት ለሌላው ይሠራል ማለት አይደለም።

ተረት፦ ጥርት ካለ አልተለያየም።

እውነታ፦ የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በብዙ ያነሱ ክፍሎች ብርሃን እምብዛም አይበትኑም። የሁለቱ ፖሊመሮች ብርሃን የማጠፍ አቅም እኩል ከሆነም፣ ትልልቆቹ እንኳ አይታዩም። ዓይን አይበቃም፤ ናሙናውን እያሞቁ መካኒካዊ ምላሹን መለካት ያስፈልጋል። በልኬቱ ግራፍ ላይ ሁለት የተራራቁ ጫፎች መለያየትን ያሳያሉ። አንድ ሰፊ ጫፍ ደግሞ ከፊል መቀላቀልን ያመለክታል፤ እንዲህ ያለው ቁስ በሰፊ የሙቀት ክልል ንዝረትን ለመምጠጥ ተፈላጊ ነው።

ቀመር ብቻ መጻፍ ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ መተው ነው። የካታሊስቱን መጠን፣ ሙቀቱን፣ የትኛው መረብ እንደቀደመ፣ ድብልቁ ጄል የሆነበትንና የደፈረሰበትን ሰዓት አብሮ ያልመዘገበ ተመራማሪ የራሱን ውጤት መድገም ይቸግረዋል።