ወጣቶች ከትምህርት ቤት ሳይወጡ ሊያውቁት ስለሚገባ የሒሳብ ዕውቀት

አንድ ወጣት የ12ኛ ክፍል ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ንግድ ቤት በመጣ ጊዜ አሠሪው የሚፈልግበት ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ታማኝነትና የሒሳብ ዕውቀት ነው። ስለ ታማኝነቱ ዋስ ይቆምለታል፤ ስለ ሒሳብ ዕውቀቱ ግን የሚመሰክርለት የዕለት ሥራው ብቻ ነው። ታማኝ የሆነው ልጅ ሒሳብ ከመሳቱ የተነሣ ማታ ገንዘብ ሲቆጠር የጎደለበት እንደ ሆነ ጉድለቱ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ ነገሩ በተደጋገመም ጊዜ በሌብነት ይጠረጠራል፤ ዋሱም ያፍርበታል። እጁን ለስርቆት ሳይዘረጋ ስሙ የሚጠፋ ወጣት ጥቂት አይደለምና ነገሩ ለመምህራን ብቻ የሚተው አይሆንም።

በ2014ና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት በየዓመቱ ከመቶው አራት እንኳ አልሞሉም። ከቀሩትም ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚፈልጉት በሱቅ፣ በመጋዘንና በጽሕፈት ቤት ነው። እነዚህ ወጣቶች በትምህርት ቤት ሳሉ ሒሳብ አልተማሩም ማለት አይደለም፤ የተማሩትን ከደረሰኝ፣ ከሚዛንና ከውል ጋራ ማገናኘት አልለመዱም ማለት ነው። ለማስረዳት ያህል በየዕለቱ የሚያጋጥሙ አራት ነገሮች ከዚህ በታች ተመልክተዋል።

አንደኛ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ። ይህ ታክስ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ 15 ሆኖ ይከፈላል። የአንድ ዕቃ ዋጋ ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር ቢሆን በውስጡ ያለው ታክስ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙ ወጣት የ1,150ን በመቶ 15 አስልቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ታክሱ የተጣለው ግን በ1,000 ብር ላይ ስለ ሆነ ትክክለኛው መልስ 150 ብር ነው። ይኸውም ድምሩን ለ115 አካፍሎ በ15 በማባዛት ይገኛል። የ22 ብር ከ50 ሳንቲሙ ስሕተት በቀን በ40 ደረሰኝ ላይ ቢደገም 900 ብር ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ትርፍና ቅናሽ። በ800 ብር የተገዛ ዕቃ በ1,000 ብር ሲሸጥ ትርፉ 200 ብር ነው። ይህም በመግዣው ሲታሰብ በመቶ 25፣ በመሸጫው ሲታሰብ በመቶ 20 ይሆናል። ሁለቱን ያልለየ ሻጭ «በመቶ 25 ስለምናተርፍ በመቶ 22 ብቀንስ አልከስርም» ብሎ ዕቃውን በ780 ብር ይሰጣል፤ በዚህም ከመግዣው 20 ብር ያጎድላል።

ሦስተኛ፤ የሚዛን ልዩነት። የቡና ነጋዴ በአገር ውስጥ 17 ኪሎ በሆነው ፈረሱላ ይገበያያል፤ የውጭው ገበያ ግን በፓውንድ ዋጋ ይጠራል። አንድ ኪሎ 2.2046 ፓውንድ ነው። ፓውንዱ በ3 ዶላር ቢሸጥ ኪሎው 6 ዶላር ከ61 ሳንቲም ያወጣል። «ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ ነው» በሚል ግምት ኪሎውን በ6 ዶላር ያሰበ ጸሐፊ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ በሆነ 320 ጆንያ ላይ ከ11,700 ዶላር በላይ ያሳጣል።

አራተኛ፤ የቀን አቈጣጠር። ነሐሴ 1 ቀን በ90 ቀን የሚከፈል ዱቤ የወሰደ ሰው ሦስት ወር ቈጥሮ ኅዳር 1 ቀን እከፍላለሁ ቢል ተሳስቷል። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት የመክፈያው ቀን ጥቅምት 26 ነው። ጳጉሜን የረሳ ተበዳሪ አምስት ቀን ዘግይቶ ቅጣት ይከፍላል፤ ይልቁንም የነጋዴ ትልቁ ሀብት የሆነው እምነት ይጎድልበታል።

የችግሩ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ተማሪው በአንደኛ ደረጃ ሳለ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የጀመረውን ሒሳብ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፤ ገበያው ግን «ወለድ»፣ «ቅናሽ»፣ «ቀብድ» እያለ ይጠይቀዋል። ከዚህም በቀር የእጅ ስልክ ሁሉን ስለሚያሰላለት አስቀድሞ በልቡ መገመትን ይተዋል። አንድ ኩንታል በ9,750 ብር ሒሳብ 48 ኩንታል ሲገዛ፣ መጠኑን ወደ 50፣ ዋጋውን ወደ 10,000 አስጠግቶ «ከ500,000 ብር ጥቂት ያንሳል» ብሎ የገመተ ሰው፣ መሣሪያው 4,680,000 ቢያሳየው አንድ ዜሮ መብዛቱን ወዲያው ያውቃል። ትክክለኛው 468,000 ብር ነውና። ያልገመተው ግን የተጻፈለትን ይከፍላል።

ነጋዴው በዚህ ረገድ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የደንበኞች ስምና ምልክት የተሰረዘባቸውን የደረሰኝ፣ የዋጋ ዝርዝርና የመጋዘን መዝገብ ግልባጮች በአካባቢው ለሚገኝ ትምህርት ቤት ቢሰጥ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን በእውነተኛ ቁጥር ሊያለማምድ ይችላል። በክረምት ወራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለጥቂት ሳምንታት ተቀብሎ ዕቃ ሲቈጠርና የቀኑ ሒሳብ ሲዘጋ እንዲያዩ ማድረግም ይቻላል። ሠራተኛ ሲቀጥርም ከላይ እንደ ተመለከቱት ያሉ አምስት ጥያቄዎችን አቅርቦ፣ አመልካቾች አዘውትረው የሳቱትን የግለሰቦችን ስም ሳይጠቅስ ለትምህርት ቤቱ ቢያስታውቅ፣ ትምህርት ቤቱ ጉድለቱ የት እንዳለ ያውቃል።

ወላጅ የሆነ ነጋዴም ልጁን ማታ ማታ ከመዝገቡ አጠገብ ቢያስቀምጠው መልካም ነው። ድምሩን አስቀድሞ እንዲገምት፣ ቀጥሎ በእጁ እንዲያሰላ፣ በመጨረሻም በመሣሪያ እንዲያረጋግጥ ያድርገው። በዚህ ልማድ ያደገ ወጣት ሥራ በገባ ጊዜ የአሠሪውን ገንዘብ ከጥፋት፣ የራሱንም ስም ከሐሜት ይጠብቃል፤ ዋስ የሆነለትም ሰው አያፍርበትም።