ጸበሉም ኪኒኑም

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚሄድ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት አንድ ጀሪካን እግራቸው ሥር አድርገው፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጃቸውን አቅፈው ነበር። ጸበል ሊያስጠምቁት ነው። ሮቢት ልንደርስ ስንል ልጁ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ሱባኤው እስኪያልቅ አቁሜለታለሁ» አሉኝ። አቁሚ ያላቸው ሰው ነበር? የለም። አታቁሚ ያላቸውም የለም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ዝምታ ነው። የዚህ በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሊነሣ ይችላል፤ ፋታ ሳይሰጥ ተከታትሎ ከጣለም ሊገድል ይችላል።

በአዲስ አበባው የእንጦጦ ማርያም ጸበል የሆነውን አንባቢ ያስታውስ ይሆናል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ቢሰጥም፣ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል እየመሰለው የሚተወው ጸበልተኛ ብዙ ነበር። በ1999 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ እርስ በርስ አይጣሉም ሲሉ በይፋ ተናገሩ። ይህን ቃል ሐኪም ቢናገረው ጸበልተኛው ዘንድ ያን ያህል አይሰማም ነበር። በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂ ካህናት ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ሕመምተኛው ጸበሉን ሳይተው የሚታከምበትን መንገድም ሞከሩ።

ሮቢት አካባቢ ያገኘኋቸው አዛውንት አጥማቂ ግን እምነትና ሕክምና እንደማይጣሉ ከአባታቸው ቤት ጀምሮ ያውቃሉ። ሮቢት ያለበት የራያ ቆላ የወባ አገር ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ቤት ለቤት መድኃኒት እየረጨ ወባን ለመቆጣጠር ሲነሣ ለሙከራ ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነበር፤ ደንቢያና ጋምቤላም እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በ1950 እና 51 ወረርሽኙ ወባ የማያውቀውን ከፍተኛ ቦታ ሳይቀር አዳረሰ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመውም ከዚህ እልቂት ማግሥት ነው።

«ረጪዎቹ ሲመጡ ሰው በሩን ዘጋባቸው» ይላሉ አባ። «አባቴ ቄስ ነበሩ። መጀመሪያ የእኔን ቤት ርጩ አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይዝጋ!» ዛሬ ለሚመጣው ሕመምተኛ ምን እንደሚሉት ጠየቅኋቸው። «ኪኒኑን በጸበሉ ዋጠው እላለሁ። ውሃውንም ቅጠሉንም የፈጠረ አንድ ነው።» ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ሐኪሙ እኔ ዘንድ መጥቶ አያውቅም፤ እኔም እሱ ዘንድ አልሄድሁም። በሽተኛው ግን የሁለታችንም ነው» አሉ።

ነገሩ የክርስቲያኑ ብቻ አይደለም። ረመዳን ሲገባ የስኳር ሕመምተኛው መጾም ይችል እንደሆነ፣ የቲቢ ኪኒን የሚወስደውም ሰዓቱን ወደ ሱሑር ወይም ወደ ኢፍጧር ያዛውር እንደሆነ መካሪ ይሻሉ። ለታመመ ሰው ጾም ማፍረስ የተፈቀደ መሆኑን ኢማሙ ያውቃል፤ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሐኪሙ ያውቃል። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ድግስ የሚቀመጡበት አገር ነው፤ ሐኪሙን ሦስተኛ አድርጎ ማስቀመጥ እንዴት ያቅተዋል?

ይህንኑ የጠየቅኋቸው አንድ የጤና ኃላፊ «ሃይማኖት ስሱ ነገር ነው፤ እኔን ተወኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ጉዳዩ ግን የሚተው አይደለም፤ በ2013 እና 14 ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ መድኃኒቱ የተቋረጠበት ሕመምተኛ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ከጸበሉ በቀር መሄጃ ያጣውን ሰው ዛሬ ወደ ሕክምናው ለመመለስ፣ ከአጥማቂው የቀረበ ሰው የለም።

ስለዚህ የጤና ጽሕፈት ቤቶች ሆይ፣ በንግሥ ቀን አንድ ባለሙያ ጸበሉ አጠገብ አስቀምጡ። አንባቢም ሕመምተኛ ይዘህ ወደ ጸበል ስትወጣ መድኃኒቱን ቤት አትተወው፤ ይዘኸው ሂድና ለአጥማቂው አሳየው።