ታናሺቱ አጥቢያና የአባቶች ሃይማኖት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው፥ ሕዝቧ ጥቂት፥ ገንዘቧ አነስተኛ፥ ካህናቷም በጣት የሚቆጠሩ አንዲት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን የአባቶችን ሃይማኖት ሳትጨምርና ሳታጎድል ልትጠብቅ የምትችለው በምን እንደ ሆነ ነው።

ብዙ ሰዎች ሃይማኖትን የሚጠብቁት ታላላቅ አድባራት ናቸው፥ ታናሺቱ አጥቢያ ግን ነፋስ ወደ ነፈሰበት ታዘነብላለች ብለው ያስባሉ። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ታናሽ በነበረችበት ዘመን የደረሰባትን ፈተና እናስታውስ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት፥ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን አውግዘው፥ ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ መሆኑን መሰከሩ። ከዚህም በኋላ የጢሮስ ሰው ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ወርዶ፥ በዚያ አገር ላሉት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ፍሬምናጦስን ራሱን ሾሞ ላከው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው።

በ356 ዓ.ም. ገደማ ግን የሮም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ የአርዮስን ወገን ደግፎ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው፤ በምትኩም ጊዮርጊስ የተባለ አርዮሳዊ ተቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህ አልበቃ ብሎት ለአክሱም ነገሥታት ለኤዛናና ለሳይዛና፥ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አብርሃና አጽብሃ ለምንላቸው፥ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤውም ቃል፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር የሚል ነበረ። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ ለንጉሠ ነገሥቱ በጻፈው የመልስ መጽሐፍ ውስጥ አኑሮልናል።

እንግዲህ አስተውሉ። በአንድ ወገን የሮም ኃያል ንጉሥ፥ በሌላው ወገን መንጋዋ አዲስ የሆነ አንዲት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ነገር ግን የአርዮስ ትምህርት በአገራችን ሥር አልሰደደም። ታናሺቱ ቤተ ክርስቲያን የጸናችው በሕዝቧ ብዛት አይደለም፤ ሃይማኖትን ከማን እንደ ተቀበለች ታውቅ ስለ ነበረች ነው።

ዛሬ ወደ አጥቢያችን ደብዳቤ የሚጽፍ ቄሣር የለም። የዛሬው ፈተና ከውጭ የሚመጣ ድምፅ ብቻ ሳይሆን፥ የራሳችን ዝምታም ነው። እኔ ራሴ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

በወጣትነቴ በአንዲት ታናሽ የገጠር አጥቢያ ሳገለግል፥ ለሰባት ዓመት ያህል ሐሳባችን ሁሉ ጣራውን ቆርቆሮ ማልበስ ነበረ። ፊደል ሊቈጥሩ የሚመጡትን ልጆች፥ ጣራው ሲያልቅ ትመጣላችሁ እያልሁ አሰናበትኋቸው። ጣራው አለቀ። በአንድ እሑድ ለቅዳሴ ስንሰናዳ ግን ሁለት ካህናትና ሁለት ዲያቆናት ብቻ ሆነን ተገኘን፤ ሦስተኛው ዲያቆን ወደ ከተማ ሄዶ ነበርና። ቅዳሴ የሚፈጸመው በሁለት ካህናትና በሦስት ዲያቆናት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ከሽማግሎቹ አንዱ፥ «አባቴ፥ ማን ያየናል? በአራት ቀድሱ» አሉኝ። ልቤም ሊፈቅድ ቃጣ። አብረውኝ የነበሩት አረጋዊ ቄስ ግን፥ «ዛሬ አንዱን ብንተው፥ ነገ የቱን እንደምንተው ማን ይነግረናል?» ብለው ልብሰ ተክህኖውን አስቀመጡ። በዚያን ዕለት ሕዝቡ በአዲሱ ጣራ ሥር ያለ ቅዳሴ ጸሎት አድርሶ ተበተነ።

ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። የጎደለው ዲያቆን በዚያ እሑድ የጎደለ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት ያሰናበትሁት ሕፃን ነው።

ስለዚህ ታናሺቱን አጥቢያ የሚጠብቃት በመጀመሪያ ትምህርት ነው። ሕፃኑ ከፊደል እስከ ዳዊት ይማር፤ ከዚያም ጋራ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፥ ይኸውም ምሥጢረ ሥላሴን፥ ምሥጢረ ሥጋዌን፥ ምሥጢረ ጥምቀትን፥ ምሥጢረ ቍርባንን፥ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታንን በሚገባው ቋንቋ ይወቅ። እነዚህን ያወቀ ልጅ እንግዳ ትምህርት ሲሰማ የሚመዝንበት ሚዛን አለው።

ሁለተኛው፥ ሃይማኖትንና ልማድን መለየት ነው። እኔ በምኖርበት በመሪ ከየአገሩ የመጣ ክርስቲያን ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። አንዱ በአገሩ የዝክሩ አደራረግ እንዲህ ነበር ይላል፤ ሌላው የለም እንዲያ ነው ይላል። ይህ ልማድ ነው፤ በፍቅር ይቻላል። ወልድ ዋሕድ ማለት ግን ሃይማኖት ነው፤ ለወዳጅነት ተብሎ አይለወጥም። ልማዱን እንደ ሃይማኖት ቈጥሮ ጎረቤቱን የሚያስቀይም፥ ሃይማኖቱንም እንደ ልማድ ቈጥሮ የሚተው፥ ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ሦስተኛው፥ ብቻን አለመፍረድ ነው። ሕዝብ ለመሰብሰብ አዲስ ነገር እንጨምር የሚል አሳብ ሲነሣ፥ ካህኑ ሊቃውንትን ይጠይቅ፥ ለሊቀ ጳጳሱም ያመልክት። የሰበካ ጉባኤውም ስለ ሙዳየ ምጽዋት እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ በዚህ ሳምንት ስንት ልጆች ተማሩ ብሎ ይጠይቅ። የንስሐ አባትም ወደ ልጆቹ ቤት ሲገባ ጾማችሁን ብቻ ሳይሆን፥ ምን ታምናላችሁ፥ ለልጆቻችሁስ ምን ነገራችኋቸው ይበል።

ምእመናን ሆይ፤ በየካ ተራራ ላይ ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል አለ። የዚያ ድንጋይ ብርታት ያስደንቃል። ነገር ግን ዐለት ብቻውን አይቀድስም፥ ለልጅም ሃይማኖትን አያስተምርም። ይህን የሚያደርግ የተማረ ሰው ነው። እንግዲህ ለጣራው የምናዋጣ ሁሉ፥ ከጣራው በታች ቆሞ የሚቀድሰውን ልጅ አንርሳ።

የቅዱስ አትናቴዎስና የአባ ሰላማ አምላክ ታላላቆቹንም ታናናሾቹንም አብያተ ክርስቲያናት በቀናች ሃይማኖት ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።