«ስምህን ከመዝገብ እናስፍቅልሃለን» የሚሉንን እንወቃቸው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ የሚያወራው ጉዳይ ነው። ዕዳ በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ስለሚበላሸው ስማችንና በዚያ ጭንቀት ላይ ስለሚነግዱ ሰዎች እንነጋገራለን።

ከእስቴ ገጠር አንድ ወንድማችን ከዙህር ሶላት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ወደኛ ቀረበ። ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በቡድን ሆኖ ለከብት ማድለቢያ ተበድሮ ነበር። አንዱ በሬ ሞተበት፤ ሌላውን በርካሽ ሸጠ፤ የመክፈያው ቀንም አለፈ። ሌላ ብድር ሲጠይቅ «ስምህ ከተበላሸ ብድር ጋር ተይዟል» ተባለ። ይኼኔ ገበያ ላይ አንድ ደላላ «ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ሰው አለን፤ ስምህን ከኮምፒውተር እናስፍቅልሃለን» አለው። ወንድማችን የበሬውን ዋጋ ቆጥሮ ሰጠ፤ የመታወቂያውን ቅጅና በባዶ ወረቀት ላይ ያኖረውን ፊርማም አከለበት። ከዚያ በኋላ የደላላው ስልክ አልነሳ አለ። ዕዳው ግን እንዳለ ነው፤ ወለዱም ጨምሯል። ከሁሉ በላይ ያስለቀሰው ዋስ የሆኑት ጎረቤቶቹ ሰላምታ ማቆማቸው ነው።

ለመሆኑ ይህ መዝገብ ምንድን ነው? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ብዙው ገበሬ የሚያውቀው አበዳሪ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ ያገኘውና በተለምዶ አብቁተ የምንለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ተቋሙ በ2022 እ.ኤ.አ. አድጎ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ለድሃው ንብረት ሳያስይዝ የተከፈተለት በር የቡድን ዋስትና ነው። አባላቱ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ፤ አንዱ ሳይከፍል ሲቀር ሸክሙ ለሌሎቹ ይተርፋል። ስለዚህ ዕዳችን የኛ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤትም ሐቅ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ደግሞ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። አበዳሪዎች ማን ምን ያህል እንደተበደረና እንዴት እየከፈለ እንደሆነ ወደዚያ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም መዝገቡን ያያሉ። ልብ እንበል፤ መረጃውን የሚልከው ያበደረን ድርጅት ራሱ ነው። ስሕተት ካለም የሚታረመው በዚያው በአበዳሪው በኩል ነው። ገበያ ላይ የቆመ ደላላ እዚያ የሚገባበት በር የለውም።

በመዝገቡ ላይ ያለብን ነገር ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ስሕተት ነው፣ ወይ እውነት ነው። የከፈልነው ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ፣ ከስመ ሞክሼ ጋር ተምታትቶ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው በስማችን ተበድሮ ከሆነ ስሕተት ነው፤ ማስተካከል መብታችን ነው። እውነት ከሆነ ግን መድኃኒቱ መክፈል ወይም ከአበዳሪው ጋር መስማማት ብቻ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ወደ ተበደርንበት ቅርንጫፍ እንሂድ፤ ዋናው ገንዘብ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተለይቶ በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቅ። ማንበብ የማይችል አባት ወይም እናት የሚያምኑትን ልጅ ይዘው ይሂዱ። ሁለተኛ፣ ይህን ከደረሰኞቻችንና ከደብተራችን ጋር እናስተያይ። ሦስተኛ፣ ልዩነት ካገኘን ማመልከቻ በሁለት ቅጅ ጽፈን አንዱን ማኅተም አስደርገን እንያዝ። ቅርንጫፉ መልስ ካልሰጠ ወደ በላይ አካሉ፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል። አራተኛ፣ ዕዳው እውነት ከሆነና ድርቅ፣ የከብት በሽታ ወይም ሕመም ከያዘን፣ ቀኑ ሳያልፍ ቀርበን የመክፈያው ጊዜ እንዲራዘምልን እንጠይቅ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲገባ ንብረቱን ያጣው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ችግር በቀበሌ ማስረጃ ተደግፎ ሲቀርብ ለመነጋገር መንገድ ይከፍታል። መደበቅ ግን ዕዳውን ያሳድገዋል።

አታላዩንም በምልክቱ እንወቀው። ሥራውን ሳይሠራ ገንዘብ ይቀበላል። ደረሰኝ አይሰጥም። ቢሮ የለውም፤ ሻይ ቤት ይቀጥራል። የስልክ ገንዘብ የሚስጥር ቁጥራችንን፣ የፋይዳ ቁጥራችንን ወይም በባዶ ወረቀት ላይ ፊርማችንን ይጠይቃል። «ለማንም አትናገር» ይላል። ከነዚህ አንዱን ካየን እንራቅ። የተታለለም ለፖሊስ ያመልክት፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን፣ በአንቀጽ 712 ደግሞ አራጣን ይቀጣል። «ውስጥ ላለው ሰው» ተብሎ የሚሰጠው ገንዘብም ጉቦ ነው፤ ጉቦ ደግሞ ሰጪውንም ተቀባዩንም ያስጠይቃል።

አንዱን ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ መቆፈርም አለ። የባንክ ዕዳ ለመክፈል ከአራጣ አበዳሪ መውሰድ ወይም መሬትን ወለድ አገድ ሰጥቶ ልጆችን ያለ እርሻ ማስቀረት መፍትሔ አይደለም።

ወለድ በዲናችን ሐራም መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም «ወለድ ሐራም ነው» ብሎ የተበደሩትን ገንዘብ ይዞ መቅረት ሌላ በደል ነው። ለወደፊቱ ከወለድ ነጻ የሆነውን መንገድ እንፈልግ፤ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ መስኮት ከፍተዋል።

ላበደረና ለተረፈውም መልእክት አለን። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምለት አዟል፤ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲጠበቅም አዟል። በሱረቱ ተውባ ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች መካከል ባለዕዶች ተቆጥረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ያለበት ሟች ቀርቦ ሳይሰግዱበት ሲቀሩ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን በራሱ ላይ ወሰደ፤ እርሳቸውም ያኔ ሰገዱበት። የመስጊዳችን ጀመዓ ለዚህ ወንድማችን ያደረገው ከዚህ የተማረውን ነው። ከዘካው የተወሰነውን ሸፈነለት፤ ሽማግሌዎች ከጎረቤቶቹ ጋር አስታረቁት፤ ቅርንጫፉ ድረስም አብረውት ሄደው የቀረውን በየጊዜው እንዲከፍል አስማሙት። በየመከሩ ከፍሎ ደረሰኙን አምጥቶ ያሳየናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ዕዳ ሲከብደን ከደላላው በፊት ለቤተሰባችን፣ ለጀመዓችንና ላበደረን አካል እንንገር። አላህ ከዕዳ ጭንቀትና ከሰው ተንኮል ይጠብቀን፤ ሐላል ሲሳይ ይወፍቀን። አሚን።