ቢላዋ እንደ እጀታው ነው

ቢላዋ አልቆርጥ ሲለን ሁላችንም ስለቱን እንወቅሳለን። እኛ ቤት ደባርቅ ያስቸገረን ግን እጀታው ነበር። የእናቴ ቢላዋ እጀታ ሲሰነጠቅ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጠርቤ ገጠምኩለት። ወር ሳይሞላው ብረቱ ወልቆ ጣቴን ቆረጠኝ!

ምክንያቱ ቀላል ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፤ የያዘውንም ብረት ይለቃል። ስለዚህ አንደኛው ነገር እንጨቱ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዓይነቱ ነው። ጽድ ሽታው ደስ ይላል፤ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ወይራ ግን ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ለዱላና ለመጥረቢያ እጀታ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ሲጠረብ የእንጨቱ መስመር በቢላዋው ርዝመት ይሂድ።

የበሬ ቀንድም ጥሩ ነው። በፈላ ውኃ ሲለሰልስ ተጭኖ ይቃናል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርፁን ይይዛል። ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ግን ይጣመማልና አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ነው።

የዋሊያ ቀንድስ? ድሮ ዋንጫ ይሠራበት ነበር። ዛሬ ግን ይህ ምርጫ ውስጥ አይገባም። ከሳንቃ በር ወዲያ ባሉት ገደሎች የምናየው ዋሊያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የለም። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ለአንድ እጀታ ተብሎ አይነካም።

እኔስ ምን አደረግኩ? ከተሰበረ አሮጌ የመጥረቢያ እጀታ ላይ ወይራውን ቆረጥኩ። ዛፍ አልተቆረጠም፤ እንጨቱም ስንት ዓመት የደረቀ ነው። እናቴ እስካሁን ሽንኩርት የምትከትፈው በሱ ነው።