የማረሻ ጫፍ ለምን ይበላል?
ስለ ፍትጊያና ስለ ብረት መበላት ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ

በሬን የሚያደክም መሬት ሁሉ ማረሻንም ይበላል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የበሬውን ጉልበት የሚወስደው ፍትጊያ ነው፤ ብረቱን የሚያሳጥረው ደግሞ መበላት ነው። ሁለቱ ዘወትር አብረው አይሄዱም። በዚህ ጽሑፍ ማረሻ የምንለው የብረቱን ጫፍ ነው።

1. ፍትጊያ
ሁለት ጠጣር አካላት ተነካክተው ሲንሸራተቱ እንቅስቃሴውን የሚቃወም ኃይል ይፈጠራል። ይኸውም ፍትጊያ ወይም ሰበቃ ይባላል። ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ የደረቅ ፍትጊያ መጠን የሚወሰነው አንዱ አካል ሌላውን በሚጫንበት ኃይል እንጂ በሚነካኩበት ገጽ ስፋት አይደለም። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ፍትጊያውም እጥፍ ይሆናል። እርጥብ ዋልካ ግን ከብረቱ ጋር ስለሚጣበቅ ይህን ደንብ አይከተልም፤ ገጹ ሲሰፋ መጎተቱም ይከብዳል።

2. የብረት መበላት
በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ሲሆን ለስላሳ ብረት ከ4 እስከ 5 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት እንደ ሞረድ ጥርስ ብረቱን ይፍቃል። የሚበላው ብረት ከጭነቱና ከተጓዘው ርቀት ጋር ይጨምራል፤ ብረቱ በጠነከረ መጠን ግን ይቀንሳል። ርቀቱ ቀላል አይደለም። ትልሞቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ ማረሻው 50 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለጤፍ አራት ጊዜ ቢታረስ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ እርጥብ ዋልካ በሬን ያደክማል፣ ብረትን ግን ብዙ አይበላም። አሸዋማ መሬት ለመጎተት ቀላል ቢሆንም ማረሻን ቶሎ ይጨርሳል።

3. ምን ይደረግ?
ሀ. ማረሻ ሲዶለዱም ገበሬው እርፉን አጥብቆ ይጫናል። ጭነቱ ስለሚጨምር በሬውም ይደክማል፣ ብረቱም ይበላል። ስለዚህ ሳይዘገይ ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ ማሾል ይገባል።

ለ. ካርቦኑ ጥቂት የሆነ ለስላሳ ብረት ግሎ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ግን ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ በመጠኑ እንደገና መሞቅ አለበት፤ አለበለዚያ ድንጋይ ሲመታ ይሰበራል።

ሐ. በእርሻ ጊዜ ማረሻን ቅባት መቀባት አይጠቅምም፤ አፈሩ ወዲያው ጠርጎ ይወስደዋል። እርሻው ሲያበቃ ግን ጠርጎ መቀባት ከዝገት ይጠብቃል።

መ. ማኅበሩ የተለያዩ ማረሻዎችን ማወዳደር ከፈለገ በአንድ ዓይነት አፈር፣ በእኩል ስፋት ይሞክራቸው። ከማረስ በፊትና በኋላ ይመዝናቸው። ብዙ ክብደት ያጣው ይበልጥ የተበላው ነው።

ማጠቃለያ
ማኅበሩ ለማረሻ መግዣ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የአካባቢውን አፈር ይለይ። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ለጠንካራ ብረት የሚወጣው ገንዘብ ይክሳል። ዋልካ ከሆነ ግን ብረቱ ቢጠነክርም የበሬው ድካም አይቀንስም፤ እዚያ የሚጠቅመው የሾለ ጫፍ፣ የጸዳ ገጽና አፈሩ ጠፈፍ ሲል ማረስ ነው።